ወንድሜ የቲቢ መድኃኒት ላይ እያለ ከእስር ተፈታ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ትንንሽ ልጆች አሉ

የአቶቴ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ሐዋሳ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሌላ ከተማ ማረሚያ ቤት ቆይቶ ባለፈው ሳምንት በአመክሮ ተፈታ። ደስታው እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። እዚያ እያለ ለረጅም ጊዜ ሲያስለው ከርሞ፣ አጥንቱ እስኪቆጠር ከስቶ፣ በመጨረሻ አክታ ሰጠና የሳንባ ቲቢ ነው ተባለ። መድኃኒት ጀመረ፣ ሳሉም ለቀቀው። የመጀመሪያውን ዙር ጨርሼ ወደ ሁለተኛው ገብቻለሁ ይላል። ሲፈታ ግን በእጁ የሰጡት የመፈቻ ወረቀቱን ብቻ ነው። የሕክምና ካርድ የለ፣ ወደየት ሂድ ያለው የለ። ኪሱ ውስጥ የቀረችው ኪኒን ይህን ሳምንት የምታልፍ አትመስለኝም።

የምንኖረው በኪራይ ነው፣ ሁለት ክፍል። እናታችን፣ ባለቤቴ፣ እኔና ሁለት ልጆች። ትንሹ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም። አከራያችን ከየት እንደሰሙ አላውቅም፣ «ሳንባ ያለበት ሰው ግቢዬ አያድርም» ብለዋል። እናቴ ደግሞ ኩባያና ሳህኑን ለይታ አስቀምጣለታለች፣ እሱ ያንን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

ልጆቹን ያስይዛቸዋል ወይ? ካርድ ሳይኖረው መድኃኒቱን ከየት እናገኛለን? እኔስ ስንቅ ይዤ ስመላለስ ከረምኩ፣ ትንሹንም ይዤው የሄድኩበት ጊዜ አለ፣ ተይዘን ይሆን? የምታውቁ ንገሩኝ።

ቀጥተኛው፦

ሰው ሊቆጣኝ ይችላል ግን እናትሽ ልክ ናቸው። ኩባያውም ሳህኑም ይለይ፣ አንሶላው ይቀቀል። እንዲያውም ለጊዜው ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ወንድምሽን ጠልቼ አይደለም፣ ልጅ አለሽ። ማረሚያ ቤት የነበረ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም።

ሲስተር ቲ፦

እህቴ አይዞሽ። ጤና ጣቢያ ቲቢ ክፍል ነው የምሠራው።

ከኪኒኑ ልጀምር፣ እሱ ነው የሚያስቸኩለው። ነገ ጠዋት ይዘሽው ቅርብሽ ወዳለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሂጂ። የቀረውን ኪኒን ከነማሸጊያው ይያዝ፣ እሱን ዓይተን የትኛው ዙር ላይ እንዳለ እናውቃለን። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒት በአንድ ኪኒን ተጠቃሎ ይሰጣል፣ በቀሩት 4 ወራት ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ። ካርድ ከሌለው ወደ ጀመረበት ቦታ ተደውሎ መዝገቡ ይጣራል። ያለ ካርድ አናስተናግድም የሚል ሰው ካጋጠመሽ አትመለሺ፣ ኃላፊውን ጠይቂ። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋም ነጻ ነው። በተከታታይ 2 ወር ካቋረጠ መዝገብ ላይ «ከክትትል የጠፋ» ተብሎ ይጻፋል። እንደዚያ ጠፍቶ የሚመለስ ሰው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ አለ፣ የዚያ ሕክምና ከባድ ነው፣ ወደ ይርጋለም ሆስፒታል የላክናቸው ሰዎች ያውቁታል።

አሁን ኩባያው። ቀጥተኛው፣ ቅን ሆነህ እንደጻፍከው ይገባኛል፣ ነገር ግን ቲቢ በኩባያ፣ በሳህን፣ በአንሶላ፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። ከአንድ ትሪ ይብሉ፣ ያጉርሱት። የሚተላለፈው በአየር ነው። የሳንባ ቲቢ ያለበት፣ ሕክምና ያልጀመረ ሰው ሲያስል፣ ሲያወራ፣ ሲዘፍንም ዓይን የማያያቸው ነጠብጣቦች ይወጣሉ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ተንሳፍፈው ይቆያሉ። ሰው የሚይዘው እነሱን ስቦ ነው። ንፋስ ከገባ ይበተናሉ፣ ፀሐይ ደግሞ ተህዋሱን ይገድለዋል። ሐዋሳ ሰው ማታ መስኮት የሚዘጋው ለሐይቁ ቢምቢ ብሎ ነው፣ አውቃለሁ፣ እኔም እዚሁ ነው የምኖረው። አጎበር ስቀሉና መስኮቱን ክፈቱት።

ለልጆቹ የምንጠይቀው፣ ወንድምሽ መድኃኒቱን ከጀመረ ምን ያህል ቆየ? መድኃኒቱስ እየሠራለት ነው? የሚሠራ መድኃኒት በአግባቡ ከተወሰደ በ2 ሳምንት አካባቢ ማስተላለፉ በጣም ይቀንሳል። እሱ 2 ወሩን ጨርሷል፣ ሳሉም ቆሟል። በሁለተኛው ወር መጨረሻ አክታው ድጋሚ መታየት ነበረበት፣ ታይቶ እንደሆነ ጠይቁት፣ ካልታየ ነገ ይታይ። ነጻ ከሆነ ልጆቹ አጠገቡ ቢተኙ እንኳን አልሰጋም። ይሁንና ትንሹን ይዘሽው ና... ይቅርታ፣ ይዘሽው ነይ (ስልኬ ነው)። ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ሁልጊዜ እናያቸዋለን፣ ምክንያቱም እነሱ ከተያዙ ቶሎና በከባዱ ነው የሚታመሙት፣ እስከ ማጅራት ገትር ድረስ። የቲቢ ክትባቱ ከዚያ ከባዱ ይከላከላል፣ ሙሉ ዋስትና ግን አይደለም። የሚያስፈልገው ከሆነ መከላከያ መድኃኒት እንሰጠዋለን።

አንቺ ስትጠይቂው የነበረው ሜዳ ላይ፣ በአጥር ማዶ ለማዶ ከሆነ ብዙም አያሳስበኝም። ለ2 ሳምንት የቆየ ሳል፣ የማታ ላብ፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ካለሽ ግን አክታ ስጪ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን ሰው አይጠይቅም። ወንድምሽ ሳይታከም ሲያስለው የከረመው የት ነው? እዚያ ውስጥ። ስለዚህ በእኛ አሠራር የመጀመሪያዎቹ «ንክኪዎች» እናንተ አይደላችሁም፣ አብረውት የተኙት ናቸው። ተህዋሱ ከያዛቸው ሰዎች በዕድሜያቸው የሚታመሙት ከ100 ከ5 እስከ 10 ያህሉ ናቸው፣ አብዛኞቹም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት። ኤችአይቪ፣ ስኳር ወይም የምግብ እጥረት ካለ ዕድሉ ይጨምራል። እንግዲህ አስቢው፣ አንዱ ጤነኛ ሆኖ ይፈታል፣ ወደ አገሩ ይገባል፣ ሥራ ይጀምራል፣ ዓመት ቆይቶ ያስለዋል። ቲቢ ክፍል ሲመጣ የምጽፈው የቀበሌውን አድራሻ ነው። ታስረህ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም፣ በሽታው የቀበሌው ይሆናል።

ጡረተኛው ዘበኛ፦

ልጄ፣ እንኳን ወንድምሽ ለቤቱ በቃ። እኔ ማረሚያ ፖሊስ ነበርኩ፣ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። የት እንደሠራሁ ይቅር።

ሲስተር የጻፈችውን አነበብኩ፣ አንድ ወገን ግን ቀርቷታል። ሰው ሁሉ የሚያየው ታራሚውን ነው። ጠዋት በሩን ከፍተን የምንቆጥረው እኮ እኛ ነን። ሌሊቱን ሙሉ ተዘግቶ ያደረ ክፍል ሲከፈት የሚወጣውን ሙቀት እኔ አውቀዋለሁ። ማታ ደግሞ ቤታችን ገብተን ልጅ እንስማለን። አንድ ባልደረባዬ የያዘው እዚያ ነው፣ ሚስቱም ቆይታ ታመመች፣ ሁለቱም ድነዋል ተመስገን። ያኔ ከሥራው ጋር ያያያዘው ሰው አልነበረም፣ ብርድ መታው ተባለ በቃ።

መስኮት ስትሉ ሳቅ መጣብኝ። መስኮት አለ፣ ግን እኛ ለሌላ ነገር እናጠበዋለን፣ እነሱ ደግሞ «ብርድ ይመታናል» ብለው በጨርቅ ይደፍኑታል። ተነቅሎ ይጣላል፣ በማግስቱ ተደፍኖ ይገኛል። በዚያ ላይ ቀጠሮ ያለው ሁሉ በአንድ መኪና ተጠቅጥቆ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ከፖሊስ ጣቢያ አዲስ ሰው ይመጣል፣ ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት የሚዛወር አለ። አጥሩ ሰው እንጂ ሳል አይዝም።

አንድ የሠራልን ነገር ልንገራችሁ። ሐኪም መጥቶ በግቢው «የሚያስለው ይውጣ» ቢል ማንም አይወጣም። የክፍሉን ካቦ መያዝ ነው። ሌሊት ማን እንደሚያስል፣ ማን ላብ እንደሚያጠልቀው የሚያውቀው እሱ ነው። ካቦዎቹን ሰብስበው ሲያስተምሯቸው ነው ሰው መምጣት የጀመረው።

ወጥቻለሁ፦

ጋሽዬ ልክ ነዎት፣ ግን ካቦም ይደብቃል። ለምን እንደሆነ ከውስጥ የነበረ ሰው ይንገራችሁ።

ቲቢ ተገኘብህ ከተባልክ ለብቻህ ትወሰዳለህ። ለሌላው ሲባል ነው፣ ይገባኛል። የመኝታ ቦታህን ግን ያንኑ ቀን ሌላ ይይዘዋል፣ በስንት ልመና ከበሩ አካባቢ ወደ ግድግዳ የተጠጋህባት ቦታ። ሽመና ወይም እንጨት ሥራ ላይ ከነበርክ ያችም ገቢ ትቀራለች። ጠያቂ የሌለው ሰው ደግሞ የሚኖረው ከጓደኞቹ ጋር ስንቅ ተካፍሎ ነው፣ ተለይተህ ስትሄድ ማዕዱም ይቀራል። ስለዚህ ሳልህን በጋቢ አፍነህ ትተኛለህ። እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት፣ ጓደኛዬ ነው ጎትቶ የወሰደኝ።

መድኃኒቱን ስጀምር ሽንቴ ብርቱካን መሰለ። ማንም አልነገረኝም፣ ደም መስሎኝ ላቆም ነበር። መድኃኒቱ ነው ያንን የሚያደርገው፣ ወንድምሽም ቢያይ አይደንግጥ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ረሃቡ ይመጣል፣ ሰው የማይጠግብ ረሃብ። አሁን ቤቱ ነው ያለው፣ አብሉት።

ሌላው፣ እባክሽ ብቻውን አትላኪው። ከወጣህ በኋላ መታወቂያ የለህም፣ ሥራ የለህም፣ ሰው ሁሉ ዓይን ዓይንህን ያይሃል። ጤና ጣቢያ ሰልፍ ላይ ቆመህ «የት ነው የጀመርከው?» ሲሉህ ማረሚያ ቤት ብሎ ጮክ ብሎ መመለስ ሞት ነው። እዚያ ላይ ነው ብዙው ተመልሶ የሚወጣው። ቀጥተኛው «ምን ይዞ እንደሚመጣ» ያልከው ዓይነት ንግግር ነው ሰልፉ ላይ የሚጠብቀን፣ ወንድሜ።

ግብር ከፋዩ፦

ግልጽ ልሁን። የሁላችሁም ታሪክ ያሳዝናል፣ ግን ሕፃናት የሚታከሙበት እየጠፋ የእስረኛ ሳል ለምን ቀዳሚ ጉዳይ ይሆናል? ወንጀል የሠራ ሰው ሆቴል ሊገባ አልነበረም እኮ። ተራ ይጠብቅ።

የጤና ተማሪ ሐዋሳ፦

@ግብር ከፋዩ፣ በሰው ነፍስ ከመጣህ ወጪውን ጨምረን እናስላው።

ማረሚያ ቤትና ፖሊስ ጣቢያ ያለው ሁሉ የተፈረደበት አይደለም፣ ቀጠሮ ላይ ያለ ብዙ ነው። በዋስ ሲወጣ ወይም ነጻ ሲባል አንተ የምትሳፈርበት ሚኒባስ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ያውም «መስኮቱን ዝጉት ብርድ ይመታኛል» ባይ አጠገብ።

ይህን በተህዋሱ ዘር ቆጠራ ያሳዩት ብራዚሎች ናቸው። ዶራዶስ የምትባል ከተማ ውስጥ ከማረሚያ ቤትና ከከተማው ሕመምተኞች የተወሰደውን ተህዋስ አመሳከሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባወጡት ጥናት ከከተማው ሕዝብ የተገኘው ዝርያ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከማረሚያ ቤቱ ዝርያ ጋር የተዛመደ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ክፍለ ሀገር ቆየት ብሎ በ2019 የወጣ ሌላ ሥራ ደግሞ የተፈቱ ሰዎችን ተከታተለ። የመታመም ዕድላቸው ወደ ሌላው ሰው ደረጃ የሚወርደው ከተፈቱ ወደ 7 ዓመት ቆይቶ ነው። ሲስተር ቲ «በሽታው የቀበሌው ይሆናል» ያለችው ይህ ነው። በዓለም ደረጃ ለ2019 በተሠራ ግምት እስር ላይ ሆነው በቲቢ የታመሙት 125,000 ገደማ ናቸው፣ ከእነሱ ታውቆ የተመዘገበው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ቀሪው ሳይታወቅ ነው የሚቀረው።

ሕጉንም ካነሳን፣ ማንዴላ እስር ላይ እያሉ በ1988 ቲቢ እንደያዛቸው ሁሉም ያውቃል። ብዙም የማይነሳው ዱድሊ ሊ ነው። ኬፕታውን ፖልስሙር እስር ቤት ፍርዱን ሲጠባበቅ ቲቢ ያዘው፣ በኋላም ነጻ ተባለ። መንግሥትን ከሰሰ፣ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም በ2012 ፈረደለት። የኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ሰብአዊ ክብሩን በሚጠብቅ ሁኔታ የመያዝ መብት አለው ይላል፣ ሐኪሙ እንዲጎበኘውም ይፈቅዳል። ሆቴል አላልንም።

አንተ ተራ ይጠብቅ ትላለህ፣ ቲቢ ግን ተራ ስትጠብቅ ይበዛል እንጂ አይቀመጥልህም። ይህን የምናውቀው ከሩቅ አይደለም። እዚሁ ሲዳማ ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስለውን ሰው ፈለጉ፣ አክታውን እዚያው ሰፈሩ ተቀበሉ፣ ስላይዱ ወደ ላቦራቶሪ ተወሰደ። በአክታ የተረጋገጠ የሳንባ ቲቢ ምዝገባ በዓመት ከ100,000 ሰው 64 የነበረው 127 ደረሰ። በሽታው ድንገት እጥፍ ሆኖ አይደለም፣ ድሮም ነበረ፣ ፈልገው አገኙት። ሐዋሳ ማረሚያ ቤት ውስጥም ተመራማሪዎች ታመምኩ ብሎ እስኪመጣ ሳይጠብቁ ዞረው ፈልገው ነበር፣ ሳይታወቅ የቆየ ቲቢ ማግኘታቸውን በ2018 አሳትመዋል። በኔ አስተያየት ይህ ፍለጋ የተመራማሪ ሥራ ሆኖ መቅረት የለበትም። ሲገባ ይታይ፣ ውስጥም እያለ በየጊዜው ይታይ፣ ሲወጣ ይታይ። በምልክት ጥያቄ ብቻም አይበቃም፣ በየአገሩ በተደረጉ የሕዝብ ዳሰሳዎች ቲቢ ከተረጋገጠባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ምንም ምልክት አልነገሩም፣ ራጅ ያስፈልጋል። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የአክታ መመርመሪያ መሣሪያ ደግሞ በ2 ሰዓት ገደማ ቲቢውንም፣ ሪፋምፒሲን የተላመደ መሆን አለመሆኑንም ይነግርሃል።

ከሁሉም በጣም ርካሹ ግን የመፈቻ ወረቀት ላይ አንዲት መስመር መጨመር ነው፦ መድኃኒት ላይ ነው፣ ወደዚህ ጤና ጣቢያ ተልኳል። ይህ ስንት ብር ያስወጣል?

ግብር ከፋዩ፦

ወረቀቷ ላይ እስማማለሁ። ሌላውን ላስብበት።

የአቶቴ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሄድን። መጀመሪያ ላይ ካርድ የለውም ብለው ትንሽ አመናጨቁን፣ ሲስተር እንዳለችኝ ኃላፊዋን ጠየቅኩ፣ ወዲያው ተደወለ። መዝገቡ ተገኘ። የሁለተኛው ወር አክታ እዚያው ታይቶ ነጻ ነበር፣ እዚህም ደገሙለት። ኪኒኑ ከቤታችን በእግር በሚደረስበት ቦታ ይሰጠዋል። ትንሹን መዝነው፣ መርምረው መከላከያ መድኃኒት እንዲጀምር ወሰኑ፣ ይዤው ሄጄ ስለነበርና ዕድሜው ትንሽ ስለሆነ ነው አሉኝ። አከራያችን ጋ የሰፈሩ ኤክስቴንሽን መጥታ አነጋገረቻቸው፣ ሙሉ በሙሉ ባያምኑም «እስቲ መስኮቱን ክፈቱት» ብለው አለፉን። ኩባያውን እናቴ ራሷ መለሰችው።

አንድ ነገር ግን ጥያቄ ሆነብኝ። ሲስተር አብረውት የተኙት ያልሽውን ሳነብለት ወንድሜ ዝም ብሎ ቆየና፣ ከጎኑ ይተኛ የነበረ ልጅ ከእሱ ቀድሞ እንደተፈታ፣ አሁን ሻሸመኔ እንደሚሠራ ነገረኝ። በስልክ ሲያወሩ ያስለዋል፣ ፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቶ እየዋጠ ነው። ምን ብለን እንንገረው? ታስሬ ነበር ማለት እንደማይፈልግ ወንድሜ ያውቃል።

ሲስተር ቲ፦

ዛሬውኑ ይደውልለት፣ ወንድምሽ ራሱ፣ አንቺ አይደለሽም። ሻሸመኔ ያለ የትኛውም የመንግሥት ጤና ጣቢያ ያየዋል። ሲገባ «ያስለኛል» ብቻ ካለ አንቲባዮቲክ ጨምረው ሊመልሱት ይችላሉ። እንዲህ ይበል፦ «አንድ ክፍል አብሬ የኖርኩት ሰው የሳንባ ቲቢ ተገኝቶበት መድኃኒት ላይ ነው፣ እኔም ያስለኛል፣ አክታዬ ይመርመርልኝ»። ክፍሉ የት እንደነበር የመናገር ግዴታ የለበትም። እስኪታይ ድረስ አፉን በማስክ ይሸፍን፣ ከሰው ጋር የሚያድር ከሆነ መስኮት ይክፈት። ወንድምሽ የሌሎቹንም ስልክ ካለው ዝርዝሩን ይዞ ኪኒን ሊወስድ ሲሄድ ለቲቢ ክፍሏ ነርስ ይስጣት፣ ከእኛ ለእኛ መደዋወል እንችላለን።